ወደ ኤዝ አምባ ለምትወጡ

ኤዝ በደቡብ ፈረንሳይ፣ በኒስና በሞናኮ መካከል፣ ከሜዲትራኒያን ባሕር ቀጥ ብሎ በቆመ ቋጥኝ አናት ላይ የተሠራች የመካከለኛው ዘመን መንደር ናት። ከፍተኛው ጫፏ ከባሕር ወለል በላይ 429 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ቁጥር ከፍታ አይመስልም። እዚህ ግን 429 ሜትሩ የሚጀምረው ከእግር ሥር ከሚታየው ውሃ ነው፤ ከአፋፉ አንድ ጊዜ ቁልቁል ያየ ሰው ቁጥሩን አይንቀውም። አማርኛችን ለእንዲህ ያለ ቦታ ልክክ የሚል ቃል አለው፤ አምባ። ዙሪያው ገደል፣ መውጫው ጠባብ፣ በሩ አንድ።

ኤዝ ላይ ሰውን የሚያስቸግረው ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ አምባነቷ ነው። ጠመዝማዛው መተላለፊያ፣ ቁመቱ የማይመሳሰል ደረጃ፣ መኪና የማያስገባው በር፣ ሁሉም ለመከላከያ ተብሎ አምባ ላይ ከመሠራቷ የመጣ ነው። መንደሯ ትንሽ ስለሆነች ውስጧ ገብቶ የሚጠፋ ሰው የለም። ቀናቸው የሚበላሽባቸው ሰዎች የሚሳሳቱት አደራረሱ ላይ ነው፤ ወይ በተሳሳተ ቦታ ይወርዳሉ፣ ወይ በተሳሳተ ሰዓት ይመጣሉ። ስለዚህ ከአደራረሱ እጀምራለሁ፣ ረዘም አድርጌም እጽፈዋለሁ። ሰዓቶቹን የማስቀምጠው በፈረንሳይ ሰሌዳ ላይ እንደሚጻፉት ነው፤ 9:00 ሲል በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በኤዝ ስም የሚጠሩ ሦስት ቦታዎች አሉ። ታች ባሕሩ ዳር ኤዝ ሱር ሜር አለች፤ የባቡር ጣቢያው ያለው እዚያ ነው። መካከል ላይ ልናያት የምንሄደው መንደር፣ ኤዝ ቪላዥ፣ አለች። ከሁለቱም በላይ ኮል ዴዝ የሚባለው የተራራ ማለፊያ ይገኛል። ከኒስ ወደ ሞናኮ ጎን ለጎን የሚሄዱት ሦስት መንገዶች ኮርኒሽ ይባላሉ፤ ባስ ኮርኒሽ ታች በባሕሩ ዳር፣ ሙዋየን ኮርኒሽ በወገቡ፣ ግራንድ ኮርኒሽ በላይ። መንደሯ ያለችው በመካከለኛው፣ በሙዋየን ኮርኒሽ ላይ ነው። ይህን ስም ያዙት፤ መንገድ ስትጠይቁም ሆነ ካርታ ስታነቡ ያድናችኋል።

ባቡሩ ያታልላል። ከኒስ ቪል ጣቢያ ተነስቶ በሪኪየ፣ በቪልፍራንሽና በቦልዩ አልፎ ሩብ ሰዓት ገደማ ውስጥ ኤዝ ያደርሳል፤ ዋጋው ቀላል ነው፣ ባሕሩም በመስኮት ይታያል። ወርዳችሁ ቀና ስትሉ ግን መንደሯ ወደ 400 ሜትር ከፍታ ላይ ተሰቅላ ታገኟታላችሁ። ከጣቢያው ወደ መንደሯ የሚወጣ 83 ቁጥር አውቶቡስ አለ፤ የሚመላለሰው ግን አልፎ አልፎ ነው። ሰዓቱን ቀድሞ ሳያይ የወረደ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ አለዚያም ሳይዘጋጅ ዳገቱን ይያያዘዋል። ስለዚህ የ83ን ሰዓት ሳታረጋግጡ በባቡር አትሂዱ።

ለመሄጃ የሚሻለው አውቶቡስ ነው። ኒስ ውስጥ 1 ቁጥር ትራም ያዙና ቮባን ላይ ውረዱ። ከዚያ 82 ቁጥር በቀጥታ መንደሯ እግር ሥር ያደርሳችኋል። 602 ቁጥርም ወደ ሞናኮ ሲሄድ በኤዝ በኩል ያልፋል። ሁለቱም በሙዋየን ኮርኒሽ ስለሚሄዱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጅባቸው። አንድ ጥንቃቄ አለ። የመስመር ቁጥሮቹ ተቀይረዋል፤ በቆዩ ጽሑፎች 112 የሚባለው ዛሬ 602 ነው። በባሕሩ ዳር የሚሄደው የድሮው 100ም አሁን 607 ሆኗል። ይህኛው የሚያደርሰው ታች ባቡር ጣቢያው ዘንድ ነው፤ መንደሯን አይወጣም። አውቶቡስ በተሳፈራችሁ ቁጥር ቲኬታችሁን ማሽኑ ላይ አስነኩ፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ገዝቻለሁ ማለት ብቻውን ከቅጣት አያስጥልም። እሑድና በዓል ቀን ምልልሱ ስለሚቀንስ የመመለሻውን ሰዓት ከመነሳታችሁ በፊት አይታችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ከኒስ ስትሄዱ በቀኝ በኩል ተቀመጡ፤ ባሕሩ ያለው በዚያ ነው። ጥቅሙ ለዓይን ብቻ አይደለም። አውቶቡሱ ከኒስ ወጥቶ ትንሽ እንደሄደ የቪልፍራንሽ ባሕረ ሰላጤ ከታች ወለል ብሎ ይታያል። እዚያ ውሃ ላይ ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ቆሞ ካያችሁ፣ ከሱ የሚወርዱት ሰዎች ብዙዎቹ በቡድን አውቶቡስ ተጭነው ጠዋቱ ሳያልቅ ኤዝ ይደርሳሉ ማለት ነው። የዚያን ቀን ምንም ሳትቆሙ፣ ሱቅ ሳታዩ፣ ቡና ሳትጠጡ በቀጥታ ወደ ጫፉ ውጡ፤ ሌላውን ስትወርዱ ታዩታላችሁ። መርከብ ከሌለም 8:30 ላይ በሩ ዘንድ መገኘት ከሁሉ ይበልጣል። ከ10:30 እስከ 16:00 ባለው ጊዜ ጠባቡ መተላለፊያ በሰው ይታፈናል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍበት ቦታ ሠላሳ ሰው ባንዲራ የያዘ አስጎብኚ ተከትሎ ሲመጣ ግድግዳ ተደግፎ ከማሳለፍ ሌላ አማራጭ የለም። በመኪና የምትመጡም ብትሆኑ ነገሩ ያው ነው። ከመንደሯ እግር ሥር ያለው ማቆሚያ በክፍያ ነው፣ ረፋዱ ላይም ይሞላል።

በእግር የሚወጣውን መንገድ የሚመርጡ አሉ። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባስ ኮርኒሽን ተሻግሮ የሚጀምረው ዳገት በጀርመናዊው ፈላስፋ በፍሬድሪክ ኒቼ ስም ይጠራል፤ ኒቼ በ1880ዎቹ የብርዱን ወራት ኒስ ሲያሳልፍ ይወጣው ነበር። ታችኛው ክፍል በቪላዎች መካከል የሚያልፍ የተነጠፈ መንገድና ደረጃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ኮረትና ልቅ ድንጋይ ይሆናል። መሀሉ ላይ ጥድ ጥላ ይሰጣል፤ የቀረው አብዛኛው ለደቡብ ፀሐይ የተጋለጠ ነው። ሲወጡ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሲወርዱ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ያዙ፤ መንገዱ ላይ ሱቅም ቧንቧም የለም።

የእኔ ምክር በአውቶቡስ ወጥቶ በእግር ወርዶ በባቡር መመለስ ነው። እንዲህ ስታደርጉ መንደሯን በጠዋቱ ብርሃንና በትኩስ ጉልበት ታዩዋታላችሁ፣ ቁልቁለቱን ስትወርዱ ባሕሩ ፊት ለፊታችሁ ይሆናል፣ ከታችም ባቡሩ ይጠብቃችኋል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ግን ተቃራኒው ይሻላል፤ ቁልቁለት ከዳገት ይልቅ መገጣጠሚያን ይጎዳል። እነሱ ቀዝቀዝ ባለው ወር በዝግታ ወጥተው በአውቶቡስ ቢመለሱ ይቀላቸዋል። የሚያንሸራትተው ነጩ የኖራ ድንጋይ ነው። የብዙ ሰው እግር ስለወለወለው ደረቅ ሲሆን እንኳ ይከዳል፤ ዝናብ ከነካው ሳሙና ነው። ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ ያስፈልጋል፤ በነጠላ ጫማ አይሞከርም። ጁላይና ኦገስት ላይ ደግሞ ከ10:00 እስከ 17:00 ባለው ሰዓት መውጣቱን እርሱት። የእሳት አደጋ በሚበረታባቸው ቀናትም ሆነ ድንጋይ ከተናደ በኋላ መንገዱ ይዘጋል። መዝጊያ ገመድ ወይም ማስታወቂያ ካያችሁ ሌላው አልፎታል ብላችሁ አትለፉ፤ ነፋስ ያለበት እሳት በጥድ መሀል የሚሮጠው ከሰው ፈጥኖ ነው።

አሁን በሩ ላይ ደርሰናል። ፖተርን ይባላል፤ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። አብዛኛው ሰው ፎቶ አንስቶ ያልፈዋል። እባካችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ቁሙበት፤ መንደሯን ለመረዳት ቁልፉ ያለው እዚህ ነው። በሩ ነጠላ አይደለም፣ ድርብ ነው። የመጀመሪያውን ያለፈ ሰው ወዲያው መንደሯ ውስጥ አይገባም፤ በግንብ በታጠረ ጠባብ ቦታ ላይ ይያዝና ሌላ በር ይጠብቀዋል። ከላይ ተከላካዮች የሚመላለሱበት የቅጥር መንገድ አለ። እንግዲህ አስቡት፤ ብዙ ሆኖ የመጣ ጠላት እዚህ ሲደርስ በአንድና በሁለት ሰው ይቀጥናል፣ መዝጊያ መምቻ ግንድ የያዘ ቢሆን እንኳ ተንደርድሮ የሚመታበት ቦታ አያገኝም። ቆም ብላችሁ መታጠፊያውን በዓይናችሁ ከተከተላችሁት ይህን የሚያስረዳ አስጎብኚ አያስፈልጋችሁም።

ከበሩ ወዲያ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ወደ ገደሉ ያሉት ቤቶች ጀርባቸው ለብቻው የቆመ ቅጥር የለውም፤ ራሳቸው ቅጥር ናቸው። ጎን ለጎን ተጣብቀው የተሠሩት ቦታ ስለጠበበ ብቻ ሳይሆን፣ የአንዱ ግድግዳ የሌላውን እየያዘ አምባውን እንዲያጥር ነው። ሁለተኛ፣ መተላለፊያዎቹ ቀጥ ብለው አይሄዱም። መታጠፉ ነፋሱን ይሰብራል፤ ጠባብነቱ በሐሩር ጊዜ እስከ እኩለ ቀን ጥላ ይሰጣል። የጠዋቱ ፎቶ እዚህ የሚያምረውም ብርሃኑ ከላይ እንደ ክር እየወረደ ግድግዳውን ስለሚዳብሰው ነው። ከበሮቹ ወዲያ ሰው እንደሚኖር አትርሱ። የሆነ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጦ ምሳ መብላት፣ በመስኮት አንገት ማስገባት ነውር ነው።

ያም ሁሉ መከላከያ ሆኖ ኤዝ ተይዛለች። ከ1388 ጀምሮ፣ ያኔ ከፈረንሳይ ውጭ የነበሩት የሳቮይ መስፍኖች ግዛት ነበረች፤ በ1543 የፈረንሳይ ጦርና በሃይረዲን ባርባሮሳ የሚመራው የኦቶማን የባሕር ኃይል ወሰዷት። ታላቁ ጥፋት የመጣው ግን በ1706 ነው፤ በስፔን ዙፋን ወራሽነት ጦርነት ጊዜ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ቅጥሯና ግንቧ እንዲፈርስ አዘዘ። ጫፉ ላይ ስትወጡ ቤተ መንግሥት ፈልጋችሁ ጥቂት የግድግዳ ቁራጭ ብቻ የምታገኙት በዚህ የተነሳ ነው። ወደ ላይ ስትሄዱ በ1306 የተመሠረተችውን የነጭ ንስሐ ገቢዎች (ነጭ የሚለብሱ ምእመናን ማኅበር) ጸሎት ቤት ታያላችሁ፤ በ1860 የመንደሩ ሰው ከፈረንሳይ ጋር ለመቀላቀል ድምፁን የሰጠው እዚያ ነው።

ፍርስራሹ ያለበት ጫፍ ዛሬ የአትክልት ስፍራ ነው፤ ዣርደን ኤግዞቲክ ይሉታል። መግቢያው በክፍያ ነው፤ እኔ በኤዝ ከምታወጡት ገንዘብ ሁሉ ተገቢ የምለው ይህን ነው። ያልከፈለ ሰው ኤዝ ሄዶ ባሕሩን በሙሉ ሳያይ ይመለሳል፤ ሰፊው ዕይታ ያለው ከውስጥ ነው። ስፍራው የተከለለው በ1949 ነው፤ የያኔው ከንቲባ አንድሬ ዣንቶን ሐሳቡን አመጡ፣ ዣን ጋስቶ ተከሉት። በመሀሉ የቆሙት የሴት ምስሎች የዣን ፊሊፕ ሪሻር ሥራዎች ናቸው።

እዚህ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ጎብኚ ከሌላው ይልቅ የሚያየው ነገር አለ። ሌላው ሁሉንም እሾሃም ተክል ካክተስ ብሎ ያልፈዋል። እኛ ግን ቁልቋልን፣ በለስን፣ እሬትንና ቃጫን ከልጅነት እናውቃቸዋለን፤ ዘመዶቻቸው በሙሉ እዚህ ጎን ለጎን ተተክለዋል። በለስ አመጣጡ ከአሜሪካ የሆነ እውነተኛ ካክተስ ነው፤ ቃጫም የሚመጣው ከዚያው አህጉር ነው፣ ካክተስ ግን አይደለም። ቁልቋልና እሬት ግን የአፍሪካ ልጆች ናቸው። ካክተስና ቁልቋል ቅርጻቸው እስኪያሳስት ድረስ ይመሳሰላል፤ ለመለየት ጠጋ ብላችሁ እሾሁ የሚበቅልበትን ቦታ እዩ። ካክተስ ላይ እሾሁ የሚወጣው ከትንሽ፣ ጥጥ ከመሰለች ክብ እብጠት ላይ በጥቅል ሆኖ ነው። ቁልቋል ላይ ያቺ ጥጥ የለችም፤ እሾሁ በግንዱ ጠርዝ ላይ ሁለት ሁለት እየሆነ ይሰለፋል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ የቁልቋል ወተት ዓይን እንደሚያቃጥል የምታውቁትን እዚህም ንገሯቸው፤ ቅጠል ቢሰበር እጅ ሳይታጠብ ዓይን አይነካም።

እነዚህ የሞቃት አገር ተክሎች በአውሮፓ እንዴት ይኖራሉ ላላችሁ፣ ነገሩ ቋጥኙ ላይ ነው። ከሰሜን የሚመጣውን ብርድ የአልፕስ ተራሮች ይከልላሉ፤ ወደ ደቡብ የዞረው ድንጋይ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ማታ ይመልሰዋል። ዳገቱ ደግሞ ውሃ አያቋጥርም፤ እንዲህ ያለውን ተክል ከብርዱ ይልቅ የሚገድለው ሥሩ ላይ የሚተኛ ውሃ ነው። ይህን ለማየት ወደ ሰሜን በኩል ወዳለው ክፍል ዞር በሉ፤ ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቆ ጥላና እርጥበት የሚወዱ ተክሎች ታገኛላችሁ። ያው ቋጥኝ፣ ሌላ አየር።

ከጫፉ ወደ ምዕራብ ካፕ ፌራ ረጅም ጣት መስሎ ወደ ባሕሩ ሲገባ ይታያል፤ ከሱ ወዲህ ያለው የቦልዩ ባሕረ ሰላጤ ነው። በብርዱ ወራት፣ ነፋስ አየሩን ካጠራው በኋላ በማለዳ፣ የኮርሲካ ተራሮች በባሕሩ ማዶ ብቅ ይላሉ። ጁላይና ኦገስት ላይ ግን ጭጋጉ ባሕሩንና ሰማዩን አንድ ነጭ ስለሚያደርጋቸው፣ ለዕይታ ብላችሁ የምትመጡ ከሆነ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ያለውን ምረጡ። ጫፉ ላይ ነፋሱ ከታች ይልቅ ይበረታል፤ ታች ሙቀት ነበር ብላችሁ ልብስ ሳትይዙ አትውጡ።

ቢጫ ግንባር ያላት ቤተ ክርስቲያን፣ የማርያም ዕርገት፣ ከ1764 እስከ 1778 የተሠራች ናት። በክፍያ አይገባባትም፤ ከጫፉ ስትወርዱ ማረፊያም ትሆናለች። በውጭ ቀላል፣ በውስጥ ያሸበረቀች ናት። ፈረንሳዮች በዓሏን የሚያከብሩት ኦገስት 15 ነው፤ እኛ ፍልሰታን በነሐሴ 16፣ በእነሱ ኦገስት 22፣ ከምናከብረው ሳምንት ይቀድማል። በአገሩ ሁሉ የሥራ ዕረፍት ስለሆነ አውቶቡሱ ይቀንሳል፣ ሰው ይበዛል፤ በዚያን ቀን አትምጡ።

አዛውንት ወይም ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ሳትደባበቁ ተነጋገሩ። በተሽከርካሪ ወንበር ውስጧን ማየት አይቻልም፤ ደረጃው ብዙ ነው፣ መወጣጫም የለውም። የሕፃን ጋሪም ከመርዳት ይልቅ ሸክም ይሆናል፤ አንቀልባ የታዘለ ልጅ ግን እስከ ጫፉ ይደርሳል። እናታችሁ ደረጃ የሚከብዳቸው ከሆኑ እስከ ድርብ በሩ ድረስ አብራችሁ ሂዱ፣ እዚያ አስቀምጧቸው፣ ተራ በተራ ውጡ። ሻንጣ ይዞ መምጣትም አይመከርም፤ ጎማው ድንጋዩ ላይ አይሄድም።

ምግብ ውድ ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ ያሉት ሆቴሎች ለሌላ ዓይነት በጀት የተሠሩ ናቸው፤ ከታች መንገዱ ዳር ቀለል ያለ ይገኛል። የተሻለው ከኒስ ይዞ መምጣት ነው። ፓን ባኛ ገዝታችሁ በወረቀት አስጠቅልሉ፤ ክብ ዳቦ ውስጥ ቱና፣ እንቁላል፣ ቲማቲምና የወይራ ዘይት ነው፣ ሲቆይ ዳቦው ዘይቱን ስለሚጠጣ ይበልጥ ይጣፍጣል። ጾም ላይ ላላችሁ ደግሞ ሶካ አለ፤ የሽምብራ ዱቄት በውሃ፣ በወይራ ዘይትና በጨው ተበጥብጦ በሰፊ ምጣድ እሳት ምድጃ ውስጥ የሚጋገር ቂጣ ነው። ሶካ ግን እንደ ፓን ባኛ አይቆይም፤ ሲቀዘቅዝ ይደርቃልና እዚያው ኒስ በትኩሱ ብሉት፣ ለመንገድ ዳቦና ወይራ ያዙ። መንደሯ እግር ሥር ያለው የፍራጎናር ሽቶ ፋብሪካ በነጻ ያስጎበኛል፤ ጊዜ ከተረፈ ይታያል፣ ሽታ ራሳቸውን የሚያማቸው ግን ይቅርባቸው።

ለመንደሯና ለአትክልት ስፍራው ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ እስከ 11:30 ጨርሳችሁ መውረድ ትችላላችሁ። ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ የምትመለሱ ከሆነ ሰሌዳው ላይ አቅጣጫው ኒስ መሆኑን አንብባችሁ ቁሙ፤ የሞናኮው የሚያቆመው ከመንገዱ ሌላ ጠርዝ ነው። ከ17:00 በኋላ 602 ከሞናኮ የሚመለሱ ሠራተኞችን ጭኖ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ኤዝ የሚደርሰው ሞልቶ ነው። በዚያ ሰዓት ከሞናኮ የማይመጣውን 82 ጠብቁ፤ መቀመጫ የሚገኘው እሱ ላይ ነው።